ሦስተኛው ጥያቄ

የጋሽ ኪሩቤልን የሕይወት ታሪክ አሳጣሪው ባንድ ትንፋሽ ጨረሰው። የእድሩ ዳኛ አቶ ያብስራ መቃብሩ አፍ ላይ ቆመው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ የሟችን ትውልድና እድገት፣ ሙያና ደግነት ማንበብ ሲጀምሩ፣ በለቀስተኛው ሁሉ ጆሮ ውስጥ ያች ቀዝቃዛ ድምፅ «በአጭሩ፦ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አረፉ» አለችና ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ አቶ ያብስራ ያነበቡት ለራሳቸውና ለሟቹ ነው። ለቀስተኛው እግሩን እያቀያየረ፣ የሰኔን ደመና ሽቅብ እያየ፣ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው።

ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ኮምቦልቻ ውስጥ ጆሮው ላይ አሳጣሪ ሳይሰካ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። የሰርግ ጥሪ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የሐኪም ምክር፣ የሽማግሌ ምርቃት ሳይቀር በአጭሩ ነው የሚሰማው። ባለፈው ጥር አንድ አዛውንት ሙሽሮችን ከአብርሃም ጀምረው ሲመርቁ፣ ገና ያዕቆብ ጋ ሳይደርሱ የሙሽራው ጆሮ «በአጭሩ፦ ውለዱ» ብሎት፣ ልጁ «አሜን» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ያስቃል። አዛውንቱ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው መርቀው አያውቁም።

ዘመኑ ብዙ ነገር ተገልብጦ የተቀመጠበት ነው። ያብስራና ኪሩቤል የሽማግሌ ስም ሆነዋል፤ ልጆች ደግሞ ደብሪቱ፣ ይመር፣ አስካለ ይባላሉ። ልጅ ሁሉ ስምንተኛ ክፍል ሲጨርስ በንባብ ፈተና ለሁለት ይከፈላል። ያለፈ አንባቢ ይሆናል፤ የወደቀ ሰሚ። አንባቢ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይወስናል። ሰሚ ደግሞ ጆሮው ያለውን ይሠራል፤ ማታ ሲገባ ምን ሠርተህ ዋልክ ቢሉት ብዙም የሚናገረው የለውም።

ናሆም ይማም የጋሽ ኪሩቤል አማች፣ የሴት ልጃቸው የሀሴት ባል፣ ሰሚ ነው። ደረቅ ወደቡ ላይ ኮንቴይነር ያነሣል፤ «ግራ። ዝቅ። ቁም» ትለዋለች ያች ድምፅ፣ ግራ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይቆማል። በልጅነቱ የወደቀው በሦስተኛው ጥያቄ ነበር። ጥያቄዎቹ ያኔም ዛሬም ሦስት ናቸው፦ ጽሑፉ ስለ ምንድን ነው? ጸሐፊው ለምን ጻፈው? ጸሐፊው ምን ደብቋል፣ መስመሩን አሳይ። ናሆም ለሦስተኛው «ከደበቀውማ እኔ ምን አገባኝ» ብሎ መለሰ። አራሚው ስቋል ይባላል፤ ነጥቡን ግን አልሰጠውም።

ከቀብር መልስ ናሆም እጁን እንደ ታጠበ አቶ ያብስራን ወደ ጓሮ ወሰዳቸው።

«ጋሽ ያብስራ፣ ድንኳኑ ዛሬውኑ ይፍረስልኝ። ሀሴት አልሰማችም።»

«አውቃለሁ ልጄ። እንዴት ልታደርግ ነው?»

«ምዬላታለሁ» አለ ናሆም።

መሐላው የመጣው ወንድሟ ናታን የሞተ ጊዜ ነው። ሀሴት ገበያ መሃል ጎንበስ ብላ ሽንኩርት ስትመርጥ ከዘመድ መልእክት ገባላትና ጆሮዋ «በአጭሩ፦ ወንድምሽ ሞቷል» አላት። ሽንኩርቱ ላይ ወደቀች። የማታውቀው ሰው ከቧት «ምን ሆነች?» ሲባባል፣ ያችው ድምፅ ቀጥላ የሽንኩርት ዋጋ በኪሎ መቀነሱን ነገረቻት። ማታ እቤት ገብታ፣ ገና አፈሩ ከቀሚሷ ሳይራገፍ፣ ናሆምን እጁን ይዛ አስማለችው። «ሁለተኛ እንዲህ አልስማ። ምንም ይምጣ፣ ቤቴ ገብቼ፣ አድሬ፣ የሚይዘኝ ሰው ከቦኝ፣ ከሰው አፍ ልስማ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።» ናሆም በናቱ አጥንት ማለላት።

«መርዶ ትፈልጋለህ ማለት ነው» አሉ አቶ ያብስራ፤ ቃሉን ካወጡት ስለ ቆዩ አፋቸው ላይ ትንሽ ከበዳቸው። «እኛ ልጆች ሆነን፣ በንጋት ነበር። ሰዎቹ ጎሕ ሳይቀድ ይሰበሰቡና በር ያንኳኳሉ። ሰውየው ገና ሲያያቸው ይገባዋል። ማንም አፍ አውጥቶ ሳይናገር የሚገባው ጊዜ ነበር። እሺ፣ እኔ ሰዉን እሰበስባለሁ። አንተ ብቻ አምጣት።»

ማምጣቱ ነበር ዳገቱ። ሀሴት ያለችው አፋር በረሃ ውስጥ፣ የፀሐይ ማሳ ላይ ነው፤ እንደ ባሕር የተዘረጋውን መስተዋት ከአቧራ ታጸዳለች። እዚያ ሥራ ላይ አሳጣሪ ማውለቅ ክልክል ነው። ቢደውልላት አሳጣሪው ቃሉን ትቶ ከድምፁ ተረድቶ ይነግራታል። ያለ ምክንያት ነይ ቢላት ፈቃድ አይሰጧትም። «ትንሽ አሟቸዋል» ብሎ ቢጽፍላት፣ ያ የጥንት ዘዴ፣ አሳጣሪው ከተፈለሰፈ ጀምሮ የሚያውቀው ነው፤ ሳይውል ሳያድር «በአጭሩ፦ ሞተዋል» ይላታል። ናሆም ማታ እግሩን ታጥቦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ራሱን ያዘ።

«አባዬ» አለችው ልጁ አስካለ፤ «እኔ ልጻፈው።»

አስካለ ስምንተኛ ክፍል ናት። ፈተናዋ ደርሷል። በክፍሉ ውስጥ እንደሷ የሚያነብ የለም ይላሉ መምህራኑ፤ አያቷ ጋሽ ኪሩቤል በሕይወት ሳሉ ማታ ማታ አሳጣሪያቸውን አውልቀው ትራስ ሥር ይወሽቁና እሷን ነበር የሚያስነብቡት። ሳላቸው እያቋረጣቸው፣ «ከየት ላይ ነበርን?» እያሉ፣ አንድ ገጽ አንድ ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ናሆም ጥግ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። ልጁ እንደሱ ሰሚ ሆና ከምትቀር አንድ እጁ ቢቆረጥ ይመርጣል፤ ይኼንንም ሺህ ጊዜ ነግሯታል።

«ያውቅብናል እኮ» አላት።

«ውሸት ከጻፍን ነዋ። ውሸት አንጽፍም።» ጠጋ ብላ ተቀመጠች። «አሳጣሪው የሚያየውን ነው እኛን የሚያስተምሩን። የሚያለዝብ ቃል ካበዛህ ያይሃል። ስለ አንድ ነገር ብዙ ካወራህ ያይሃል። ጭራሽ ካላነሣኸውም ያይሃል። ስለዚህ አባባን እናነሣለን፤ መሃል ላይ፣ ከሌላው ጋር ቀላቅለን፣ እውነት የሆነ ነገር ብቻ።»

«ስለሞተ ሰው ምን እውነት አለ?»

አስካለ ትንሽ አሰበች። «ሳሉ» አለች።

እሾህን በእሾህ ነው፤ አባትና ልጅ አልጋው ላይ ተደግፈው ሲጽፉና ሲሰርዙ አመሹ። ናሆም ቃል ያዋጣል፣ አስካለ ትጥላለች። «ናፍቆትሽ ገደለን» ሲላት «ገደለን አይባልም አባዬ» ብላ ሰረዘችው፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ለምን እንደሳቁ ትዝ አላቸውና ወደ ጽሑፉ ተመለሱ። በመጨረሻ የወጣው ይኼ ነበር፦

«ሀሴትዬ እንደምን ሰነበትሽ። እኛ ደህና ነን። አስካለ ፈተናዋ ደርሷል፤ እማዬ አጠገቤ ካልሆነች እያለች አስጨንቃኛለች። የሚያፈስሰው ጣራ ተደፈነ፤ ጋሽ ያብስራ በዚያ እድሜያቸው ራሳቸው ወጥተው መቱት። የጎረቤት ድመት ወልዳ ልጆቿን አልጋችን ሥር አስገባች፤ አስካለ ወተት እየሰጠች አስለምዳቸዋለች። አባባን ሳሉ ለቋቸዋል፤ አሁን ሌሊት አያስቸግራቸውም። ውኃ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል። ለጥቂት ቀን ፈቃድ ጠይቀሽ ነይ።»

ለናሆም አሳጣሪ አስነበቧት። ድምፅዋ ትንሽ ዘገየችና «በአጭሩ፦ ቤተሰቡ ደህና ነው። ልጅ እናቷን ለፈተና ትፈልጋለች» አለች። ናሆም ልጁን ግንባሯ ላይ ሳማት። ሚስቱን ያዳነለት ጽሑፍ ነው፤ ከአብራኩ የወጣች ልጅ ናት የጻፈችው። በዚያች ሰዓት ሐዘንተኛ ቤት ውስጥ መሆኑን እስኪረሳ ድረስ ኮራ።

ፈቃዱ ተገኘ። ሀሴት የምትሳፈርበት ቀንና የአስካለ ፈተና አንድ ቀን ላይ ዋሉ፤ ለፈተናው ባትደርስም ከሰዓት በኋላ ትገባለች፣ ታድራለች፣ በማግስቱ ንጋት ላይ አቶ ያብስራ ሰዉን ይዘው በር ያንኳኳሉ። ከፎቅ ቤቱ ወይዘሮ ኖላዊት የምትይዛት ሴት ሆና ተመርጣለች፤ ክንደ ብርቱ ናት፣ አልቅሳም ታስለቅሳለች። ሁሉ ነገር ተሰናድቷል።

ጠዋት ናሆም ልጁን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኛት። የደንብ ልብሷን አንገት አስተካከለላት።

«ስሚ ልጄ። ከፊትሽ የመጣውን ሁሉ መልሺ። ግራ ቀኝ አትይ። እዚያ ውስጥ ይሉኝታ የለም፣ ዘመድ የለም፤ አንቺና ጥያቄው ብቻ ናችሁ። እኔን ያየ በእሳት አይጫወትም፤ እሺ?»

«እሺ አባዬ።»

ወደ ሥራው ሄደ። «ግራ። ዝቅ። ቁም።» ሰማዩ ለዝናብ ጠቁሯል። እኩለ ቀን አካባቢ ያች ድምፅ የኮንቴይነሩን ሥራ አቋርጣ «መልእክት። በአጭሩ፦ ልጅዎ አልፋለች፤ አንባቢ ትሆናለች» አለችው።

ናሆም ማሽኑን አቁሞ ወረደ። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» እያለ መሬት ሳመ። ባልደረቦቹ ከበቡት፤ አንዱ ትከሻውን መታው፣ አንዱ «ዛሬማ ለስላሳ ትጋብዛለህ» አለው። ሰው ደስ ሲለው ነገሩን ደጋግሞ መስማት ይፈልጋል። ናሆም ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሙሉውን አንብቢልኝ» አላት።

«ሙሉው ረጅም ነው። ይቀጥል?»

«ይቀጥል እንጂ!»

«የተከበሩ ወላጅ። ልጅዎ አስካለ ናሆም የተሰጣትን ሕያው ምንባብ በሚገባ በመተርጎም ሙሉ ነጥብ አግኝታለች። ለማስታወሻ ይሆንዎ ዘንድ ምንባቡና መልሷ ተያይዟል። ምንባብ። እገሊትዬ እንደምን ሰነበትሽ። እኛ ደህና ነን። እገሊት ፈተናዋ ደርሷል…»

ናሆም መጀመሪያ ምንም አልመሰለውም። እንዲያውም ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚጽፈው ብሎ ፈገግ አለ። ጣራው ሲመጣ ፈገግታው ቀረ። ድመቷ ከነልጆቿ አልጋ ሥር ስትገባ እጁን አንሥቶ ባልደረቦቹን ጸጥ አሰኛቸው።

«…አባባን ሳሉ ለቋቸዋል፤ አሁን ሌሊት አያስቸግራቸውም። ጥያቄ ሦስት፦ ጸሐፊው ምን ደብቋል? የተማሪዋ መልስ፦ ሽማግሌው ሞተዋል። ማስረጃ፦ ጸሐፊው ስለ ሌላው ሁሉ ምን እንዳደረገ ይናገራል። ሌሎቹ ጣራ ይወጣሉ፣ ይወልዳሉ፣ ያስለምዳሉ። ስለ ሽማግሌው ግን የተነገረው ያቆሙት ነገር ብቻ ነው። የጻፈው ሰው የሚጽፍላትን ሴት ይወዳታል፤ ለዚህ ነው የደበቀው። የመልሱ ውጤት፦ ትክክል። ማጠቃለያው ታርሞ ለተቀባይዋ ተልኳል።»

«ምን? ምን ተልኳል?» አለ ናሆም። «መልሺልኝ! ለማን ተልኳል?»

«ማጠቃለያው ታርሞ ለተቀባይዋ ተልኳል» አለችው፤ በዚያው ድምፅ።

ሥራውን ጥሎ ወጣ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ልጆች እየተሳሳቁ፣ እየተላቀሱ፣ ያለፈው ካላለፈው ተለይቶ ይወጣል። መምህርት ማራናታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ገና ስታየው እጇን ዘረጋች።

«እንኳን ደስ አለዎት አቶ ናሆም! እንዲህ ያለ መልስ እኔ…»

«መምህርት፣ ምንባቡ የኔ ነው።»

«እንዴት?»

«እኔ ነኝ ለሚስቴ የላክሁት። የሞቱት አባቷ ናቸው። አሁን አውቶቡስ ውስጥ ናት። ብቻዋን ናት።»

የመምህርቷ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚገባበት እንዳጣ ሁሉ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። «ስም እኮ እናወጣለን» አለች።

«ስም!»

«አቶ ናሆም፣ ምንባቡ ከየት ይመጣል መሰለዎት? አሳጣሪው ያልጠራለትን ጽሑፍ ሁሉ ለስምንተኛ ክፍል ነው የሚልከው። ልጆቹ ይመልሳሉ፤ የተሻለው መልስ ለባለቤቱ ይደርሳል። ሲመዘገቡ ተነግሮዎታል፤ እሺ ብለዋል።»

ትዝ አለው። መዝጋቢዋ ብዙ ነገር አንብባ ስታበቃ ጆሮው «በአጭሩ፦ ልጅዎ ሕያው ጽሑፍ ታነባለች» ብሎት፣ ሕያው የሚለው ደስ ብሎት፣ «እሺ፣ በደስታ» ብሏል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እሱን ለመጣል መጫኛ እንኳ አላስፈለገም።

መምህርት ማራናታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የኔ እናት ለእኅቴ የጻፈችው አንድ ጊዜ መጥቷል። እዚሁ ክፍል።»

«እና ምን አደረጉ?»

«አረምኩት» አለች። «ምን ላድርግ?» ወዲያው ሌላ ወላጅ መጣና ፊቷን ወደዚያ አዞረች።

አስካለ አጥሩን ተደግፋ ነበር። አባቷን ስታይ አልሮጠችም፤ እሱም አልጠራትም። ጎን ለጎን ሆነው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው መሄድ ጀመሩ። ዝናቡ ጠብ ጠብ ይላል። ናሆም መናገር የጀመረው ከቦርከና ድልድይ ላይ ነው።

«አውቀሽው ነበር?»

«ድመቷ ጋ ስደርስ ነው ያወቅኩት።»

«ከዚያስ?»

«ሁለቱን ጥያቄ መለስኩ።»

«ሦስተኛውንስ አስካለ? ሦስተኛውን ምን ብለሽ መለስሽ? የናትሽን መሐላ እያወቅሽ! ሌሊቱን አብረን እንዳልተንከራተትን!»

«ቆየሁ እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ብዙ ቆየሁ አባዬ። ቀና ስል ሁሉም ይጽፋል። ሁሉም ያገኙት መሰለኝ። እኔ ባልጽፈው ሌላ ልጅ ይጽፈዋል፣ እማዬ መስማቷ አይቀርም፣ እኔ ደግሞ እወድቃለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? አንተ አይደለህ ግራ ቀኝ አትይ ያልከኝ?»

ይኼኛው ልክ ነበር፤ ብሏታል። ናሆም ለአፍታ ተስፋ የመሰለ ነገር ያዘው። ልጁ እናቷን አልሸጠችም፤ ተይዛ ነው። ከክፍሉ ልጅ ሁሉ ጋር ባንድ መረብ ተይዛ ነው።

«ስንት ልጅ አገኘው?» አላት፤ አሁን ለስለስ ብሎ።

እርምጃዋን ፈጠን አደረገች።

«አስካለ፣ ከክፍላችሁ ስንት ልጅ አገኘው?»

«እኔ ብቻ።»

«ሌሎቹስ ምን አሉ?»

«ጸሐፊው የደበቀው ፈተናውን መፍራቱን ነው አሉ። ድመቷ የሱ ናት ያሉም አሉ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አላወቁም አባዬ። ማንም አላወቀም።»

ናሆም ድልድዩ ላይ ቆመ። ከሥር ውኃው ደፍርሶ ይወርዳል። ልጁን ለመምታት እጁ አልተነሣም፤ ለማቀፍም አልተነሣም። መከዳት ምን እንደሚመስል አስቦ አያውቅም ነበር፤ ከሩቅ ሰው ይመጣል፣ ጥርሱን ያገጠጠ ይሆናል ብሎ ይገምት ነበር እንጂ፣ ራሱ አንገቱን ያስተካከለለት የደንብ ልብስ ለብሶ አጠገቡ እያለቀሰ ይቆማል ብሎ አልጠበቀም። ሌሊቱን አብራው የደበቀችው ልጅ ጠዋት ብቻዋን አወጣችው። ከክፍሉ ልጅ ሁሉ ያወቀች አንዲት ነበረች፤ እሷም የሱ ነበረች።

«አንብበሽ ነው ያገኘሽው ወይስ ስለምታውቂ?» አላት በመጨረሻ።

«አላውቅም» አለች አስካለ። «ስጽፈው ግን… ያየሁት ያኔ ነው። አንተ እንዴት እንደምትወዳት።»

ናሆም መንገዱን ቀጠለ።

መናኸሪያው ላይ አቶ ያብስራ ጥላ ዘርግተው ከወይዘሮ ኖላዊት ጋር ቆመው ነበር። ለማደር የምትገባ እንግዳ ሊቀበሉ የወጡ እንዲመስሉ ፊታቸውን ፈታ አድርገዋል። ናሆም በጆሯቸው ነገራቸው፤ መልእክቱን ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደፈታው፣ ሁሉንም። አዛውንቱ ጥላውን አጥፈው ዝናቡ ላይ ቆሙ። «እንግዲህ መርዶም ቀረ» አሉ።

አውቶቡሱ ገባ። ሀሴት ስትወርድ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ በአንድ እጇ ቢጫ ጄሪካን ይዛለች። የማታውቃቸው ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው አወረዷት፤ አንዷ የአፋር ሴት ናት፣ ዐይኗ በልቅሶ አብጧል። ሀሴት ራሷ አታለቅስም፤ መንገድ ላይ ጨርሳዋለች። ናሆም ቀረብ ሲል እጇን አንሥታ አቆመችው።

«ሳሉ ለቆታል አልከኝ። ደብዳቤህን ሙሉውን ነው ያስነበብኩት።»

«ሀሴት፣ ስሚኝ…»

«ለሠራተኛው ሁሉ ነገርኩ። አባቴ ዳነ ብዬ። ባቲ ላይ ወርጄ የግመል ወተት ገዛሁለት። ቀዝቃዛ ወተት ለሳሉ አይሆንም እያልኩ ስንት ዓመት የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ይጠጣ ብዬ። እየሳቅኩ ነው የገዛሁት ናሆም። አባቴ አፈር ውስጥ ሆኖ፣ እኔ ሳሉ ለቀቀው ብዬ እየሳቅኩ!» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ወንድሜን አንድ ጊዜ ነው የገደሉብኝ። አባቴን አዳናችሁና ገደላችሁብኝ።»

«ምዬልሽ እኮ ነው። ቤትሽ ገብተሽ፣ ሰው ይዞሽ…»

«እንዳትነግረኝ አላልኩህም፤ እንዳትዋሸኝ ብዬ አላስማልኩህም፤ ለምን? ይዋሸኛል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ።» ጄሪካኑን ከእጅ እጅ አዘዋወረች። «ከባቲ እንደወጣን ጆሮዬ እርማት መጥቶልሻል አለኝ። ኮምቦልቻ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አንብባ ያወጣችው ነው አለኝ። የማን ልጅ ናት? ሄጄ እጇን ልሳም።»

አስካለ ከአባቷ ኋላ ወጣች።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

ሀሴት ልጇን አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ያ ሲጠበቅ የነበረው ልቅሶ መጣ፤ በማንም መርዶ ነጋሪ እጅ ላይ ሳይሆን በልጇ አንገት ላይ። «አንቺ! የኔ እናት! ከዚያ ቤት እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ! አንቺ ብቻ!» ወይዘሮ ኖላዊትም ከኋላ ተቀብላ አለቀሰች፤ የአፋሯ ሴትም አለቀሰች።

ናሆም ጠበቀ። አንድ ቃል ነበር የሚጠብቀው፤ «መልእክቱንም እኔ ነኝ» የሚል። አስካለ በናቷ ትከሻ ላይ ሆና ዐይኗን ገለጠች፣ አባቷን አየችው፣ ብዙ አየችው። ከዚያ ዐይኗን ጨፈነችና ፊቷን እናቷ ነጠላ ውስጥ ቀበረች።

አቶ ያብስራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ሀሴት፣ መልእክቱን እኮ የጻፈችው…»

ናሆም ክንዳቸውን ጨምቆ ያዘ። አዛውንቱ ዞረው አዩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩን ዋጡት።

ለቀስተኛው ወደ ቤት ማዝገም ሲጀምር ናሆም ጄሪካኑን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ሀሴት አላየችውም፤ ወይም አየችው። ለአስካለ ሰጠቻት። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ከፊት ሄዱ፤ እሱ ከሽማግሌው ጋር ጥቂት ራቅ ብሎ ተከተለ።

«ፈተናሽስ?» ስትላት ሰማ። «አለፍሽ?»

«አለፍኩ» አለች አስካለ።